ቀንድ አውጣውን አልቅት አትበሉብን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምት ሲገባ ከእንግሊዝኛ የተመለሱ የጓሮ አትክልት ምክሮች በየግብርና ዓምዱ ይበዛሉ። በእነዚህ ምክሮች «ስላግ» የሚባለው ፍጥረት አንዱ ጋ «አልቅት»፣ ሌላው ጋ «ትል»፣ አልፎ አልፎም «የምድር ትል» ሆኖ ይመጣል። የቃል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላነሳነው። ትል ተብሎ የተነበበ ግን የትል መድኃኒት ይረጭበታል፤ ብሩም ይወጣል፣ ጎመኑም ይበላል።

ስላግ ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ ነው። እንግሊዝኛ ቅርፊት ያለውንና የሌለውን በሁለት ስም ይለያል፤ አማርኛ ስሙን ያወጣው ግን ቀንዱን አይቶ ስለሆነ ለሁለቱም ይበቃል። መለያውም እዚያው ስሙ ውስጥ አለ። ከላይ ባሉት ሁለት ረጃጅም ቀንዶች ጫፍ ላይ ዓይን አለ፤ ከታች ያሉት አጫጭሮች ያሸታሉ፣ ይቀምሳሉም። ሲነኩ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። በቀኝ ጎኑ የሚከፈትና የሚዘጋ የመተንፈሻ ቀዳዳ ይታያል። አልቅት ቀንድ የለውም፤ ጎመን ላይም ጉዳይ የለውም። ጎመን የሚበላው ትል የእሳት ራት ወይም የቢራቢሮ ዕጭ ነው፣ እግር አለው። የምድር ትል ደግሞ የአፈር ወዳጅ ነው፤ እሱን ማጥፋት ራስን መጉዳት ነው።

የጅማ ጓሮ ለዚህ እንስሳ የተመቸ ነው። ከ1700 ሜትር በላይ ከፍታ፣ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ፣ በዚያ ላይ የዛፍ ጥላ። በአዌቱ ወንዝ ዳር ያሉ የጎመንና የሰላጣ መደቦች፣ ጥላ ሥር የተደረደሩ የችግኝ ከረጢቶችም ቀን መሸሸጊያ፣ ሌሊት ገበታ ይሆኑለታል። ሰውነቱ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ፀሐይ አይችልም፤ የሚወጣው ሲመሽ ወይም ሲያካፋ ነው።

ከመርጨት በፊት ማን እንደበላ ይታይ። ቅጠሉ ወጣ ገባ ተበስቶ፣ ላዩ ወይም አፈሩ ላይ ደርቆ የሚያብለጨልጭ የልጋግ መስመር ካለ ቀንድ አውጣ ነው። ችግኙ ከአፈሩ ጋር እኩል ተቆርጦ ከወደቀ፣ ልጋግም ከሌለ፣ ግንዱ ሥር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢቆፈር ተጠቅልሎ የተኛ ቆራጭ ትል ይገኛል። ቅጠሉ ላይ ጥቋቁር ፍሬ የመሰለ ኩስ ካለም የትል ሥራ ነው። ካልለየ ሌሊት በባትሪ ማየት ነው፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

በየሱቁ የሚሸጡት አብዛኞቹ ጸረ ነፍሳት መድኃኒቶች ቀንድ አውጣን አይገድሉም። ነፍሳት አይደለም፤ ዝምድናው ኦክቶፐስና ኦይስተር ከሚባሉት የባሕር እንስሳት ጋር ነው። ይባስ ብሎ መድኃኒቱ ቀንድ አውጣ የሚበላውን የመሬት ጥንዚዛ ይፈጃል፤ ስለዚህ ከርጭቱ በኋላ ቀንድ አውጣው ሲበዛ እንጂ ሲቀንስ ላይታይ ይችላል።

የሚሠራው ይህ ነው። አመሻሽ ላይ በችግኞቹ መካከል 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን እርጥብ ጆንያ፣ ጣውላ ወይም የእንሰት ቅጠል ጣል ማድረግ። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ገልብጦ ሥሩ የተጠለሉትን ለቅሞ የሳሙና ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ መክተት። አንድ ቀን ሠርቶ መተው ዋጋ የለውም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ይፈልጋል። እንቁላሉም አይረሳ፦ ጓል ሥር ተሰብስቦ የተቀመጠ፣ ነጣ ያለ ዶቃ የሚመስል ነገር ነው። በሞቃት አፈር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይፈለፈላል፤ ለቀማው ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚደገመው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ቀንድ አውጣ ወንዴም ሴቴም ስለሆነ ሁሉም እንቁላል ጣይ ነው፤ አንዱን መተው ማለት ትንሽ ነገር አይደለም።

የቢራ ወጥመድም ይይዛል፤ ግን በትክክል ከተቀበረ ነው። የቲማቲም ጣሳ ከንፈሩ ከአፈሩ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀበር፤ እኩል ከሆነ ጥንዚዛውም ይገባል። ቢራ ከሌለ እርሾና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይበቃል፣ የሚስበው የእርሾው ሽታ ነውና። ዝናብ እንዳያቀጥነው ክዳን ይሠራለት፤ በሁለት በሦስት ቀን ይቀየር። ከአንድ ሜትር ብዙ ርቆ አይስብም፤ ስለዚህ አንድ ጣሳ ለጓሮው ሁሉ አይሆንም።

አመድ ደረቅ ሳለ ያግዳል፤ በሐምሌ ጅማ ላይ ግን ከአንድ ዝናብ አያልፍም። ጨው ቀንድ አውጣውን ይገድላል፣ አፈሩንም አብሮ ያበላሻል፤ ይቅር። ውሃ ማጠጣቱ ከማታ ወደ ጠዋት ይዙር፤ ሌሊት አፈሩ ደረቅ ሲል መሄድ ይከብደዋል። ጉዝጓዝ ችግኙ እስኪጠና ድረስ ከግንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ዶሮ ከተከላ በፊት መደቡ ላይ መልቀቅ ደግ ነው፤ ከተከላ በኋላ ግን ከቀንድ አውጣው ቀድማ ችግኙን የምትጨርሰው እሷ ናት። ፍሬ መሰል መርዝ የሚገዛ ሰው መለያው ላይ አይረን ፎስፌት ይፈልግ፤ በአንድ ካሬ ሜትር አምስት ግራም ያህል ተበትኖ እንጂ ተከምሮ አይቀመጥም። ሜታልዲሃይድ የተባለው ሌላው የቀንድ አውጣ መርዝ ውሻ ይገድላል፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ከቤት ውጭ መጠቀሙን ከልክላለች።

ተርጓሚዎቹን የሚያሳስታቸው ቃሉ ራሱ ብዙ ፊት ስላለው ይመስለናል። በእንግሊዝኛ መጀመሪያ ስሙ የሰነፍ ሰው ነበር፤ ለእንስሳው የተሰጠው በኋላ ነው። ከአደን ጠመንጃ የሚተኮስ አንድ ወፍራም አረርም ስላግ ነው፤ በፊዚክስ ደግሞ 14.59 ኪሎ ግራም የሚሆን የግዝፈት (የቁስ መጠን) መለኪያ። ለእናንተ የሚቀርበው ግን የማተሚያ ቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 በኒው ዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ ሥራ የጀመረው ሊኖታይፕ የተባለ የፊደል መልቀሚያ ማሽን እርሳስ አቅልጦ ሙሉ መስመር በአንድ ጊዜ ያወጣ ነበር፤ ያ የእርሳስ ዘንግ ስላግ ይባላል። ከማተሚያ ቤት ቃሉ ወደ ዜና ክፍል ገብቶ የአንድ ዜና አጭር መጠሪያ ሆነ፤ ከዚያ ወደ ድረ ገጽ ተሻግሮ የገጹ አድራሻ የመጨረሻ ቁራጭ ሆነ። ጃንጎ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ቃሉን የወሰደው ከጋዜጣ ነው፤ ራሱም የተወለደው ካንሳስ ውስጥ ባለ ጋዜጣ ቤት ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ ድረ ገጾች የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ሦስት ባይት (የመረጃ መለኪያ) ይይዛል፤ በአድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊ ስለሚጻፍ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ቁምፊ ይሆናል። ወርድፕረስ የተባለው ሌላው የድረ ገጽ መሥሪያ ደግሞ ለስላጉ የሚሰጠው ቦታ 200 ቁምፊ ነው። «በጅማ ከተማ የጎመን አምራቾች ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ አስቸገራቸው» የሚል ርዕስ «ቅርፊት አል» ላይ ይቆረጣል። ጃንጎ ላይ የባሰ ነው፦ የተለመደው ስላግ ማውጫው ከላቲን ውጭ ያለውን ፊደል ሁሉ ስለሚጥል የአማርኛ ርዕስ ባዶ ሆኖ ይወጣል፤ ሁለተኛው ዜና ሲገባም ባዶ ከባዶ ይጋጫል። ዩኒኮድን፣ ማለትም የግዕዝን ጨምሮ የየቋንቋውን ፊደል፣ የሚፈቅደው ምርጫ ከ1.9 እትም ጀምሮ አለ፤ ማብራት ግን የባለሙያው ሥራ ነው። ሞክሼ ፊደላትም አሉ፦ ፀሐይ፣ ጸሐይና ፀሀይ ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሦስት አድራሻ።

ስለዚህ ስላጉን ማሽን ከርዕሱ እንዲቀዳ አትተዉት። አዘጋጁ ራሱ ከሦስት እስከ አምስት ቃል፣ በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ በአጭር ሰረዝ እየለየ ይጻፈው። ቀ በኪው ይሁን በኬ፣ ጠ በአንድ ቲ ይሁን በሁለት፣ ዴስኩ አንድ ጊዜ ወስኖ ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ከታተመ በኋላ ርዕሱ ቢታረምም ስላጉ አይነካ፤ የግድ ከሆነ ከአሮጌው ወደ አዲሱ በ301 ቋሚ ማዞሪያ ይሠራ፤ አለዚያ ቴሌግራም ላይ የተጋራው ሁሉ ገጽ አልተገኘም ይላል።

የግብርና ዓምዱ ላይ ያለው እርማት ከዚህ ይቀላል፤ «ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ» ብሎ መጻፍ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዳችን በሰብል ጥበቃ፣ አንዳችን በድረ ገጽ ሥራ ያለን ሁለት አንባቢዎቻችሁ
ጅማ