የሳይክል መስመር ላይ ያቆመው ሳይጠየቅ ልጄ ተጠየቀች

የባሕር ዳር የትራፊክ ጉዳይ ለሚመለከትዎ ኃላፊ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፈው በቢሮ በኩል ሄጄ መልስ ስላጣሁ ነው። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቷል። ደውያለሁ፣ ደጅ ጠንቻለሁ። መጀመሪያ «እየታየ ነው» ተባልኩ። ቀጥሎ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በኋላ ስልኩን የሚያነሳም ጠፋ።

ልጄ ከአባይ ማዶ ትምህርት ቤት የምትመላለሰው በሳይክል ነው። አንድ ጠዋት ድልድዩን ተሻግራ ወደ መሃል ከተማ ስትመጣ፣ ለሳይክል የተለየው መስመር ላይ የቤት መኪና ቆሟል። ማለፊያ የለም። ዞራ ከኋላዋ አየች፣ እጇን ዘርግታ ምልክት ሰጠች፣ በግራ በኩል ልታልፈው ወጣች። ልክ ጎኑ ስትደርስ ሾፌሩ በሩን በረገደው። የበሩ ጠርዝ መሪዋን መታና አስፋልቱ ላይ ተዘረረች። ከኋላ የሚመጣው ባለ ባጃጅ ፍሬን ይዞ፣ ባጃጁን አግድም አቁሞ መንገዱን ዘጋላት። ወርዶም ደግፎ አነሳት። እግዜር ይስጠው፣ እሱ ባይኖር ዛሬ ሌላ ደብዳቤ ነበር የምጽፈው። የእጇ አጥንት ተሰንጥቋል።

ከዚያ ትራፊክ መጣ። የመጀመሪያ ጥያቄው «ለምን ዳርሽን ይዘሽ አትሄጂም?» የሚል ነበር። ዳሩን የያዘው እኮ መኪናው ነው! ሾፌሩ «አላየኋትም» ብሎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። አልተቀጣም፣ ቃሉም አልተመዘገበም። ልጄ ግን እጇን ይዛ እያለቀሰች «ሴት ልጅ ሳይክል ምን ያደርግላታል?» ተባለች። ይህን ስሰማ የተሰማኝን ንዴት እስካሁን አልረሳሁትም።

ሕጉን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በአገራችን ሕግ ሳይክልም ተሽከርካሪ ነው። ልጄ መንገዱ ላይ የወጣችው በመብቷ ነው። የመኪና በር የሚከፍት ሰው ደግሞ አይቶ መክፈት አለበት። ታዲያ እርስዎ የሚያውቁትን ሕግ መንገድ ላይ የሚቆመው ትራፊክ እንዴት አያውቀውም? ካወቀስ ለምን ልጄን ጠየቀ?

ደግሞ ይህ የሆነው ባሕር ዳር ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ መንገዷ ሰፊ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ እስከ ፖሊ ግቢ ተማሪው፣ መምህሩ፣ የቀን ሠራተኛው በሳይክል ሲሄድ ነው ያደግነው። ባጃጅ የመጣው በኋላ ነው። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው፤ ሲሠራም ሳይክልና እግረኛ ታስበውበታል። በኮሪደር ልማቱም የሳይክል መስመር ተሠርቷል። በአገር ደረጃም ለእግረኛና ለሳይክል የወጣ ስትራቴጂ ከ2012 ጀምሮ አለ። ይህ ሁሉ ከልቤ ያስደስተኛል።

ግን መስመሩ ከተሠራ በኋላ የሚጠብቀው የለም። ባጃጅ ሰው ይጭንበታል። አይሱዙ ዕቃ ያራግፍበታል። ባለ ሱቁ ደንበኛውን «እዚህ አቁም» ይለዋል። ሳይክል ነጂው በየቦታው ከመስመሩ ወጥቶ መኪና መሃል ይገባል፣ ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል። አደጋው ያለው እዚያ መውጣትና መግባት ላይ ነው፤ ሾፌሩ እዚያ ቦታ ሳይክል ይመጣብኛል ብሎ አያስብም።

ሾፌሩ ሁሉ ክፉ ነው አላልኩም። ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ትቶ የሚያልፍ ብዙ ነው። ሌላው ግን ጀርባ ላይ ተለጥፎ ክላክስ ያንባርቃል። ሳይክል ላይ ያለ ሰው ሲደነግጥ መሪው ይወላገዳል፣ ይህን የማያውቅ ሾፌር መንጃ ፈቃድ ሊሰጠው አይገባም። ቀድሞ አልፎ፣ ተሳፋሪ ሲያይ ያለ ፍሬቻ ወደ ቀኝ የሚታጠፍም አለ።

ከማሠልጠኛ ጀምሮ ሊማሩት የሚችሉት ቀላል ነገር አለ። ኔዘርላንድ ውስጥ የተለመደ ነው፦ ሾፌሩ በሩን የሚከፍተው በግራ እጁ ሳይሆን በቀኙ ነው። ቀኝ እጅ ወደ በሩ ሲሻገር ትከሻው አብሮ ይዞራል፣ ዓይን ከኋላ የሚመጣውን ያያል። ምንም ወጪ የለውም። ያን ጠዋት ሾፌሩ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ልጄን ያያት ነበር።

ልጄ እጇ ሲድን ወደ ሳይክሏ እንደምትመለስ ነግራኛለች። አልከለክላትም። ከእርስዎ የምፈልገው ማመልከቻዬን ከተቀመጠበት አውጥተው በጽሑፍ እንዲመልሱልኝ ነው፦ በሳይክል መስመር ላይ ያቆመውና ሳያይ በር የከፈተው ሾፌር ለምን አልተቀጣም? ልጄን ጥፋተኛ ያደረጋት ትራፊክስ ምን ተባለ? መልስዎንም እንደዚህ ደብዳቤ በአደባባይ አወጣዋለሁ።

የአባይ ማዶ ነዋሪ፣ አባት