ለጽድቅም ደረሰኝ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ወር ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን ልሄድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሊነሳ ሲል አንድ ወጣት ገባ። አንገቱ ላይ ባጅ፣ እጁ ላይ ላሚኔት የተደረገ የሕፃን ፎቶ። አንጀት ይበላል። መቶ ብር አወጣሁና ደረሰኝ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ለጽድቅም ደረሰኝ ይጠየቃል እንዴ?» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም አፍሬ ሰጠሁት።

ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። የእድር ጸሐፊ ነኝ። እኛ ዘንድ ድንኳን ሲወጣ ካስማው ሳይቀር ይቆጠራል። ብርጭቆ ቢጎድል የተረከበው ሰው ይከፍላል። ለልቅሶ ብርጭቆ እንዲህ የምንጨቃጨቅ ሰዎች፣ «በጎ አድራጎት» ሲባል ምነው ዝም እንላለን?

አሁን እድራችን ከተቀማጩ ቀንሶ አንድ ድርጅት ሊረዳ ወስኗል። የትኛውን? ሦስት እሁድ ተከራከርን፤ አልተስማማንም። አንዳንዱ ማስታወቂያው ያስለቀሰውን ይመርጣል። ሌላው ደግሞ «ለሠራተኛ ደመወዝ የማይከፍለውን» ይላል።

በደመወዙ ነገር አልስማማም። ባሕር ዳር ያለውን የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል እንውሰድ። ለረጅም ጊዜ በቆየ ምጥ ተጎድተው ሽንት መቋጠር ያቃታቸው እናቶች በነጻ ይታከሙበታል። ሐኪሙና ነርሷ ደመወዝ ይበላሉ። ይብሉ እንጂ! ያለ እነሱ ምን ሕክምና አለ? እኔን የሚያናድደኝ «አምና ምን ሠራችሁ?» ሲባል የስብሰባ ፎቶ የሚደረድር ድርጅት ነው።

ለነገሩ ሕጉም አለ። የ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113፣ ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ድርጅቱ ሥራውንና ሂሳቡንም በየዓመቱ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን፣ ሪፖርት ያደርጋል። ታዲያ ለባለሥልጣኑ የሚቀርበውን ለእኛም አሳዩን ብንል ምን ነውር አለው? ምዝገባውንም ቢሆን መጠየቅ ነው፤ ባጅ ማንም ያሠራል።

ገንዘብ ያዣችን «በየቦታው ትንሽ ትንሽ እናዳርስ» ይላሉ። (ይህን ካነበቡ ይቆጡኛል።) እኔ ግን ለአንዱ ሰጥተን ዓመቱን ሙሉ ብንከታተለው እመርጣለሁ። አሥሩን ማን ይከታተላል?

እስከዚያው ለሁለት ድርጅቶች ደውዬ የአምናውን ሪፖርት ጠይቄያለሁ። አንደኛው በማግስቱ በቴሌግራም ላከልኝ። ሁለተኛው «ለምን ፈለጋችሁት?» አለኝ። እሁድ ስንሰበሰብ ሁለቱንም መልስ ለአባላቱ አነባለሁ።

አንድ የእድር ጸሐፊ
ከደብረ ማርቆስ