ማይኩ ገና ለሚጠብቁትም ይድረስ

ጤና ይስጥልኝ የጋዜጣው አዘጋጆች፣ እኔ የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ፣ ለጋዜጣ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፣ ግን ነገሩን ሆዴ ውስጥ ይዤ ብዙ ስለቆየሁ ቦታ ካላችሁ አውጡልኝ።

የማወራው ስለ ምስክርነት ነው። እሁድ እሁድ ቸርች ከመዝሙሩ በኋላ ማይክ ይዞራል አይደል፣ እና ማይኩን የሚይዘው ሁሌ ጸሎቱ የተመለሰለት ሰው ነው፣ ሥራ ያገኘ፣ ቪዛ የወጣለት፣ የተፈወሰ፣ ከስንት ዓመት በኋላ የወለደች። ጌታ ይመስገን፣ እኔም እልል ብያለሁ ከልቤ ነው ያልኩትም። ግን ስድስት ሰባት ዓመት ጸልዮ ገና ምንም ያላየ፣ ዛሬም ግን ተነስቶ የመጣ ሰው ማይክ ሲሰጠው አይቼ አላውቅም።

ጓደኛዬ ከመሃላችን የቀረችው እንደዚህ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ አብረን ስፌት ላይ ነበርን፣ አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን። በ2014 ኢትዮጵያ ከአጎአ፣ ያው ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል ስትወጣ ሥራው ቀዘቀዘና ብዙዎቻችን ተቀነስን። እኔ መናኸሪያ አካባቢ ሻይና ዳቦ መሸጥ ጀመርኩ፣ እሷ ደግሞ በዛው ሰሞን እናቷ ታመሙባት፣ ያላትን ሁሉ ለሕክምና እየላከች፣ ጾም ጸሎት ይዛ፣ የአዳር ጸሎት አንድም ቀን ሳትቀር እናቷ አረፉ። ለቅሶው እንኳን ሳይበርድ አንድ ሰው መጥቶ ምናልባት ንስሐ ያልገባሽበት ነገር ይኖር ይሆን አላት። እኔም እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ በርቺ ጸልዪ እንጂ ነው ያልኳት፣ ውሃ ለጠማው ቆሎ እንደማቅረብ መሆኑ ያኔ አልገባኝም። ከዛ ቀረች። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ተመለሰች አለ። አልተመለሰችም እኮ፣ ደክሟት ነው!

1ኛ ነገሥት 19ን እስቲ ደግማችሁ አንብቡት። ያ በቀርሜሎስ ላይ እሳት ያወረደው ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ በቃኝ ነፍሴን ውሰድ አለ። መልአኩ እምነትህ የት ሄደ አላለውም፣ አልገሠጸውም፣ ተነስና ብላ ነው ያለው። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፣ በላ ጠጣ ተመልሶ ተኛ፣ መልአኩም ተወው ይተኛ። ሁለተኛ ቀስቅሶ ደግሞ አበላው፣ መንገዱ ሩቅ ነውና። በዛ ምግብ ነው 40 ቀን ሄዶ ኮሬብ የደረሰው። እኛ ጋ ግን ደከመኝ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ ነው።

ሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት ናቸው ይሄን ያሳዩኝ። ዋሳ (ቆጮ) እና እርጎ ይዘው ጓደኛዬ ጋ መጡ፣ ጥቅስም አልጠቀሱ ምክርም አልመከሩ፣ አበሏት፣ ጸጉሯን እየሠሩላት እናቷን እንድታነሳ አደረጉ፣ አለቀሱ ሁለቱም። በሳምንቱ ደግመው መጡ፣ አሁንም ይመጣሉ።

ደግሞ ዕብራውያን 11 ላይ የአንበሳ አፍ የዘጉትን ብቻ አይደለም የጻፈው፣ እዛው ዝቅ ብሎ ሌሎችም ይላል፣ የተገረፉ፣ የታሰሩ፣ በመጋዝ የተሰነጠቁ፣ የተስፋውን ቃል ሳያገኙ የሞቱ። የኛው አገር ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት፣ ከአገር የመውጣት ዕድል እያላቸው መንጋቸውን ጥለው አልሄዱም፣ በ1971 ዓ.ም. ደርግ ወስዶ ገደላቸው፣ አጽማቸው የተገኘው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፣ ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳም ወደ አስር ዓመት ታሰሩ። በኛ የእሁድ ፕሮግራም ቢሆን ወይዘሮ ፀሐይ እስር ቤት ውስጥ እያሉ ምን ብለው ይመሰክሩ ነበር? ማይኩስ ይደርሳቸው ነበር?

ስለዚህ ፓስተሮችና ሽማግሌዎች እባካችሁ፣ በወር አንዴ እንኳን ይሁን፣ ገና የሚጠብቅ ሰው ይነሳና አልተመለሰልኝም ግን አለሁ ይበል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እኔ ብቻ ነኝ የሚል ስንት ሰው እንዳለ ያኔ ታያላችሁ።

ጓደኛዬ እስካሁን ቸርች አልመጣችም። ባለፈው ሰኞ ግን ሻይ ልትጠጣ እኔ ጋ መጥታ ትናንት ምን ተዘመረ ብላ ጠየቀችኝ። ደንበኛ ነበር ብዙ፣ ግን ብርጭቆ እያጠብኩ ቀስ ብዬ ዘመርኩላት።

አክባሪያችሁ
አንዲት አንባቢ፣ ከሐዋሳ