የተሰረዘው ራጅ የት ገባ?

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ራዲዮሎጂ ክፍል ጥራት ሲነሳ ወሬው ሁሌም ማሽን ላይ ያልቃል። አዲስ ሲቲ ስካን፣ አዲስ ኤምአርአይ። እኔ ራጅ አንሺ ነኝ፤ ጥሩ ማሽን እወዳለሁ። የዛሬው ጉዳዬ ግን «ሰርዝ» የምትለዋ ቁልፍ ናት።

በፊልም ዘመን የተበላሸ ራጅ ሳጥን ውስጥ ይጠራቀም ነበር። ሲሞላ ማንም ያየዋል፣ መቁጠርም ይቻላል። አሁን ምስሉ ካላማረ ቁልፏን መጫን ነው፤ ጠፋ። ታካሚው ግን ጨረሩን ሁለቴ ወስዷል።

የጉልበት የጎን ራጅን እንይ። የጭን አጥንት ሁለቱ የታች ጉብታዎች ተደራርበው መታየት አለባቸው። እግሩ ትንሽ ዞር ካለ ይለያያሉ፣ መገጣጠሚያውም በደንብ አይታይም። ጉልበቱ ያበጠ ሰው ደግሞ እንደፈለግነው አይዞርልንም። አንዲት ባልደረባዬ ተረከዙ ስር ስስ ስፖንጅ ታደርጋለች፤ የእሷ ብዙም አይደገምም። የማታ ተረኛው ይህን አያውቅም። ማን ይንገረው? የእሱ ስህተት ተሰርዟል፣ የእሷ ዘዴ አልተወራም። በየቀኑ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ራጁን አንብቦ ውጤቱን የሚጽፈው ሐኪምም «ምስሉ በቂ አይደለም» ብሎ ሪፖርቱ ላይ ይጽፋል። ሪፖርቱ የሚሄደው ወደ አዘዘው ሐኪም ነው። ያነሳሁት እኔ አላየውም።

የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ውድቅ የሚደረጉ ምስሎች 8 በመቶ አካባቢ እንዲሆኑ፣ 10 በመቶ ከደረሱ ደግሞ ምክንያቱ እንዲጣራ ይላል። ቁጥሩ በጣም ሲያንስም ቶሎ ደስ አይበለን። መደገም የነበረበት ደካማ ምስል ዝም ተብሎ እያለፈ ሊሆን ይችላል።

የክፍል ኃላፊዎችን የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። ምስል ሲሰረዝ ምክንያቱ ይመዝገብ፦ አቀማመጥ፣ እንቅስቃሴ፣ የጨረር መጠን፣ ያልወለቀ ሐብል። በሳምንት አንዴ ሐኪሞቹና እኛ አብረን እንየው፣ የአንሺው ስም ተሸፍኖ። አንድ ችግር እንምረጥ፣ መፍትሔውን አንድ ክፍል ውስጥ እንሞክር፣ መልሰን እንቁጠር። ከሠራ ለሁሉም ይዳረስ፤ ካልሠራ ሌላ እንፈልግ።

ደግሞ አደራ፣ መዝገቡ ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ እንዳይውል። የዋለ ቀን ሁላችንም «ታካሚው ተንቀሳቀሰ» የሚለውን ነው የምንመርጠው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ራዲዮግራፈር