ለአባዬ፣ ከሥላሴ ንግሥ መልስ

ለምወድህ አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የማሙሽ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው አፉ ባዶ ሆኗል፤ ሲስቅ ብታየው ትሞታለህ። ሚጣ በሂሳብ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች። በአያቷ ወጣች እንደምትል አውቃለሁ፤ በል ግድ የለም።

ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምህ። ስልክ ላይ የእግርህን ነገር ሳነሳ ኔትወርክ ይጠፋብሃል። ስለ ጤፍ ዋጋ ስናወራ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። አዳማ ውስጥ ያለው ኔትወርክ ምን ዓይነት እንደሆነ እንጃ። ለማንኛውም መጀመሪያ ሌላ ወሬ ላውራህ።

ጥር 7 ለሥላሴ ንግሥ ልጆቹን ይዤ አራት ኪሎ ሄጄ ነበር። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሳሳ ሲል ወደ መቃብሮቹ ዞርን። ሚጣ የጃንሆይን ካላየሁ ብላ ነበር፤ የእሳቸውና የእቴጌ መነን ግን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነው፤ በዚያ ግፊያ የሚሞከር አይደለም። ውጪ ያሉትን እንይ አልኳት። ሲልቪያ ፓንክረስት ጋ ስንደርስ «ፈረንጅ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለችኝ። ጣልያን ሲወረን ለእኛ የተሟገተች እንግሊዛዊት ናት ብያት አለፍን። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን፣ የአፈወርቅ ተክሌን አሳየኋት። ማሙሽ ራበኝ ማለት ጀምሮ ስለነበር ብዙ አልቆምንም።

ጥላሁን ጋ ግን ቆምን። ነጠላ ያጣፉ አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጸሎት መስሎኝ ጠጋ ስል እያንጎራጎሩ ነው። ሚጣ እጄን ጎተት አደረገችና «እማዬ፣ ይሄ የአያቴ ጓደኛ ነው አይደል?» አለችኝ። አንተ «ጥሌ» «ጥሌ» ስትል እየሰማች አድጋ ምን ታድርግ። አዎ አልኳት።

ያ ፋሲካ ትዝ አለኝ። ሚያዝያ 11 ቀን 2001። በግ የታረደበት ቤት በማግስቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። ዶሮው ሳይነካ ቀረ። ሱቁን ዘግተህ ለቀብሩ አዲስ አበባ ወጣህ፤ ያኔ የፍጥነት መንገዱ የለም፣ በሞጆ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋችሁ። ስትመለስ ድምፅህ ተዘግቶ ነበር። እማዬ «ወንድሙ ቢሞት እንዲህ አይሆንም» ብላ ለጎረቤት ነገረች። እውነቷን ነው።

አሁን ልናገረው። አባዬ፣ አንተ ካሴት ቤት ነበረህ። የተበጠሰ የካሴት ክር በእማዬ የጥፍር ቀለም ስትቀጥል ጎንህ ተቀምጬ ነው ያደግኩት። ሁለቱን ጫፍ በጣትህ ይዘህ፣ እስኪደርቅ እፍ እያልክ፣ «አትተንፍሺ» ትለኝ ነበር። ጥላሁን ዘፋኝ ለመሆን ብሎ ከወሊሶ በእግሩ ጉዞ መጀመሩን፣ አያቱ ተማር እያሉት እምቢ ማለቱን እንደ ገድል ነበር የምትተርክልን። እኔም አምኜህ ነዋ! አስረኛ ክፍል ሆኜ የትምህርት ቤቱ ኪነት ቡድን ሲመርጠኝ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ሱቁ ነው።

«የእኔ ልጅ አዝማሪ አትሆንም።»

ይቺን ብቻ አይደለም ያልከው፤ በማግስቱ ልምምድ ላይ መጥተህ በጓደኞቼ ፊት እጄን ይዘህ ወሰድከኝ። ግድግዳህ ላይ ግን የአስናቀች ወርቁ ፎቶ ክራሯን ይዛ ተሰቅሏል። ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን የወጣች ሴት ናት ብለህ ለደንበኛ ሁሉ ታወራ ነበር። ያንተ ልጅ ብትሆን ክራሯን ትሰብርባት ነበር? የሰው ልጅ ሲዘፍን ትሸጣለህ፣ ያንተ ስትዘፍን ታፍራለህ። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በእርግጥ ያ ሱቅ ነው ያስተማረኝ። የሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ቤቴን የማስተዳድረው በአንተ ልፋት ነው። አልክድም። ግን መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሆን መስኮቱን ዘግቼ እዘፍናለሁ። ድምፄ አሁንም ጥሩ ነው።

ሚጣ «ምን ሆኖ ሞተ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። አርጅቶ ነው አልኳት። አንድ እግሩን ስኳር እንዳሳጣው አልነገርኳትም። ያንተን ስኳር ታውቃለቻ።

ወንድሜ ሁሉንም ነግሮኛል። አትቆጣው፣ እኔ ነኝ ያስጨነቅኩት። የቀኝ እግርህ ትንሿ ጣት ጠቁራለች። ሐኪሙ ጣቷ ትቆረጥ ብሏል። ከዘገየ ቁርጭምጭሚቱን አልፎ ይሄዳል ብሏል። ይኸው ጻፍኩት።

አንተ ግን ሶደሬ ወርደህ ፍልውሃ ውስጥ ነክረህ መጣህ አሉ። ወይ አባዬ! ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። ውሃው ቢልጥህ እንኳ አይሰማህም። «ምንም አያመኝም» ትላለህ ደግሞ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እኮ እሱ ነው፤ የጠቆረ ጣት የማያመው ሰው።

አሊ ቢራ ጥቅምት 2015 እዚያው አዳማ አርፎ አስከሬኑ ድሬዳዋ የሄደ ጊዜ ያልከንን አስታውሳለሁ። «እኔን ተጉለት ምናምን ብላችሁ እንዳታንገላቱኝ፤ እዚሁ ከእናታችሁ ጎን።» ቡና ላይ ነበርን፤ ሁላችንም ወሬ ቀየርን። ሰምቼሃለሁ። ቦታውንም አውቀዋለሁ። ደግመህ እንዳትነግረኝ። ጥሌ እግሩን እንጂ ድምፁን ስኳር አልወሰደበትም፤ አንተን የጠየቁህ ደግሞ አንዲት ጣት ነው።

መጀመሪያ ከጥምቀት በኋላ አልክ። ጥምቀት አለፈ። አሁን አስተርዮ ማርያም ትለፍ ብለሃል አሉ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። ያንተ በዓል መቼ ያልቃል? ቀጠሮው ሰኞ ነው፣ ሰኞ እንሄዳለን። እኔ እሁድ ማታ እገባለሁ፤ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጃለሁ። ካልሄድክ ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ፣ ልጆቼን ማን እንደሚያበላ አንተ አስብበት።

እስከዚያ ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አትሂድ። ያቺን ሸበጥ ጣላት። ጫማ ከማድረግህ በፊት እጅህን አስገብተህ ጠጠር እንዳይኖር ዳስስ። ኢንሱሊኑን ፍሪጅ ውስጥ መልሰው፤ በአዳማ ሙቀት መስኮት ላይ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ወንድሜ ጋ ላከው። የሐኪም ቤት ካርድህን ፈልገህ አውጣ። እማዬ ካሴቶቹ ያሉበት ካርቶን ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። ካጣኸው አትጨነቅ፣ መጥቼ እፈልገዋለሁ። ለእሁድ ማታ ምግብ አትሥራ፣ ይዤ እመጣለሁ፤ ቅቤ የሌለው ነው፣ አታጉረምርም።

ልጅህ