የሳማው ጉዳይ

ሚሚዬ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ቆየሁ። ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ሄደ፣ ከዚያ መደወሉ ራሱ አሳፈረኝ። አሁን ብዕር ያስጨበጠኝ ሳማ ነው። አትሳቂ!

ልጄ ለቤት ሥራዋ ማጉያ መነጽር አስገዛችኝ። እሷ ጨርሳ ተኛች፤ እኔ ከጓሮ ቅጠል እየለቀምኩ ሳይ አመሸሁ። የሳማ ፀጉር ለካ መርፌ ነው! ውስጡ ክፍት፣ መስታወት በሚሠራበት በሲሊካ የጠነከረ። ጫፉ ላይ ትንሽዬ እብጠት አለች። ስትነኪው እሷ ቅንጥስ ትልና የቀረው ስለት ቆዳሽን ወግቶ ፈሳሹን ይረጫል። ሂስታሚን አለበት፤ ያ ሁሉ ማሳከክ ከዚያ ነው። አያትሽ ለሁዳዴ ሳማ ሲለቅሙ ጭብጥ አድርገው ይይዙት አልነበር? እኔ ጀግንነት ይመስለኝ ነበር። ለካስ ፀጉሩን እያስተኙት ነው። የሚለበለበው ፈራ ተባ እያለ የሚነካው ነው።

የቀጠጥና ደግሞ ሌላ ነው፤ ያ የአህያ ጆሮ የምንለው። ቅጠሉ ጋቢ የለበሰ ነው የሚመስለው። ፀጉሩ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አለው። ፀሐዩን ይመልሳል፣ ነፋሱም ቅጠሉን በቀላሉ እንዳያደርቀው ይከላከላል። በሶብላስ? ሽታው የተቀመጠው ቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ነው። ለዚህ ነው ስታሺው ቤቱን የሚሞላው።

የዶርማችንን ትኋን አስታወስሽ? በባልካን አገሮች ድሮ ማታ ማታ የቦሎቄ ቅጠል መሬት ላይ ይበትኑ ነበር። የቅጠሉ ፀጉር እንደ መንጠቆ የቆለመመ ስለሆነ የትኋኑን እግር ወግቶ ያስቀረዋል። ጠዋት ቅጠሉን ሰብስቦ ማቃጠል ብቻ። እኛ ያን ሁሉ ነጭ ጋዝ ስንረጭ!

ለማንኛውም አንድ የቆየ ጥያቄ አለኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ሳማ ውስጥ የገባሁ ቀን፣ «አንሸራቷት ነው» ብለሽ ለእማዬ ነገርሽ። እያለቀስሽ ጭቃ የቀባሽኝም አንቺ ነሽ። እኔ ግን ከመውደቄ በፊት ጀርባዬ ላይ እጅ ተሰምቶኛል።

መልስሽን እጠብቃለሁ። እውነቱን ጻፊልኝ፤ አልቆጣም።

ያንቺው