ከማሳው ራስጌ ስላለው ስንጥቅ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጄ ትምህርት ሊዘጋ ነውና «አያቴ ጋ መቼ ነው የምንሄደው?» እያለ ነጋ ጠባ ይጠይቀኛል።

ወንድሜ ከላይኛው ማሳ ራስጌ መሬቱ መሰንጠቁን፣ እርስዎም በአፈርና በድንጋይ መድፈንዎን በስልክ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። መድፈንዎ መልካም ነው፤ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ያለውን ሸክላ አፈር ሲያረሰርሰው ነው ተዳፋቱ የሚንሸራተተው። ነገር ግን መድፈን ብቻውን አይበቃም። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ችካል ይትከሉና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በገመድ ይለኩ። ሰፍቶ ካገኙት መሬቱ እየሄደ ነው ማለት ነው። ከላይ የሚወርደውንም ጎርፍ በቦይ ወደ ጎን ያስወጡት። ምንጩ ሳይታሰብ ከደፈረሰ፣ ባህር ዛፉ ካዘመመ፣ በሩ አልገጥም ካለ ግን እባክዎ እዚያ ቤት አይደሩ።

የ1953ቱን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያወሩን ነው ያደግነው፤ የማጀቴ ከተማ መፍረሷን፣ ካራ ቆሬ ላይ ቤቱ መርገፉን፣ አያቴ እናንተን ልጆቿን ሜዳ ላይ እንዳሳደረቻችሁ። በ1998 መስከረም ደግሞ ከደብረ ሲና በታች ይዛባ ላይ መሬቱ ሲናድ ስንቱ ከነልጆቹ ተፈናቀለ። ታኅሣሥና የካቲት 2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲናጥ እኛም አዲስ አበባ ላይ ከአልጋችን ተነስተን ወጥተናል። ያኔ መጀመሪያ የመጣብኝ የእናንተ ገደል ነው።

አሁን የምጽፍልዎ ግን በጎፋ ምክንያት ነው። ሐምሌ 2016 በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ናዳ ወርዶ ሰዎችን ዋጠ። ጎረቤቱ፣ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የአካባቢው አስተዳዳሪ ሳይቀሩ ሊያወጧቸው ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። ከ220 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ ሊረዱ የሄዱ ነበሩ።

አባባ፣ እርስዎን አውቃለሁ። የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ዶማ ይዘው ቀድመው የሚደርሱት እርስዎ ነዎት፤ መንደሩ ሁሉ ደግሞ እርስዎን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጭንቀቴ ለእርስዎ ብቻ አይደለም። እድሩ ሲሰበሰብ ይህን ይንገሩልኝ፦ ናዳ ከወረደ አንድ ሰው ከጎን፣ ከጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ ራስጌውን ይጠብቅ፤ ድንጋይ ሲንከባለል ካየ ይጩህ፤ የሚቆፍረውም ሁሉ የሚሸሽበትን አቅጣጫ አስቀድሞ ይወቅ። ዝናቡ እየወረደ፣ ተዳፋቱም እየተሰነጠቀ ከሆነ ከሥሩ ማንም አይግባ። ለሚጮህ ወገን አለመድረስ ለእርስዎ ምን ያህል እንደሚከብድ አላጣሁትም። እናቴንና ወንድሜን በማሰብ ግን ይታገሱልኝ።

ደግሞ የድሮው ናዳ የት የት እንደወረደ፣ ቤት የማይሠራበትን ቦታ፣ ለወጣቶቹ በእግር እየዞሩ ያሳዩአቸው። ያንን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከሐምሌ እስከ መስከረም ሜዳው ላይ ካለው የእህቴ ቤት ብትሰነብቱስ? እሷም ጓዳውን አጽድታ እየጠበቀቻችሁ ነው። ከብቶቹን ወንድሜ ይነዳቸዋል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እደውላለሁ፤ ስንጥቁ ስንት ስንዝር እንደሆነ ይንገሩኝ።

ናፋቂ ልጅዎ